የሰርን የክረምት ተማሪዎች

በጄኔቫ ዳርቻ፣ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ላይ ያለው ሰርን የተባለው የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየክረምቱ ከልዩ ልዩ አገር የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ይቀበላል። ስለ ምርምር ልምምድ ወሬ በተነሳ ቁጥር እኔ የማደንቀው ይህኛውን ነው።

ጠዋት ትምህርት አለ፤ የሚያስተምሩትም በዘርፉ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ናቸው። የቀረውን ሰዓት ተማሪው ከተመደበበት ቡድን ጋር ያሳልፋል። ሥራው ለጉራ አይመችም፤ መሣሪያ መፈተሽ፣ የፕሮግራም ስህተት ማደን፣ አንዱን ግራፍ ደጋግሞ መሥራት። ግን ለማስመሰል የተፈጠረ ሥራ አይደለም፤ ቡድኑ የእውነት ይፈልገዋል። ተማሪን ማክበር ማለት ለእኔ ይሄ ነው።

ምሳ ሰዓት ደግሞ ሌላ ነው። ትሪውን ይዞ ወንበር የሚፈልግ ልጅ፣ ስሙን በመማሪያ መጽሐፍ ብቻ ከሚያውቀው ሰው ጎን ሊቀመጥ ይችላል። መምህሩን ቢሮው ደጅ ቆሞ መጠበቅ ለለመደ ተማሪ (የእኛ አገር ልጅ ይህን አያጣውም) ሹካ እንደያዙ ጥያቄ መጠየቅ መጀመሪያ ላይ ሳያስደነግጠው አይቀርም።

ጁላይ 4 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. የሂግስ ቦዞን የተባለው ቅንጣት ግኝት በሰርን ይፋ ሲሆን፣ ቦታ እንዳያመልጣቸው ብለው አዳራሹ ደጅ ካደሩት መካከል እነዚሁ የክረምት ተማሪዎች ነበሩበት። በመኝታ ከረጢት ተጠቅልሎ የሳይንስ ንግግር መጠበቅ! እኛ ለኳስ እንኳ እንዲህ የምናድር አይመስለኝም።

ጄኔቫ ውድ ከተማ ናት፤ ደግነቱ ሰርን አበል ይከፍላል። የሰርን አባል ካልሆኑ አገሮችም ማመልከት ይቻላል።