ወግ ያለው ምሽት
ስለ ሁለት ቀን የከተማ ጉብኝትና ስለ «ባህል ምሽት» የቀረበ ሂስ

አዲስ አበባ የአጭር ጊዜ እንግዳ የማይታጣባት ከተማ ናት። ለአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ የሚመጣው ልዑክ፣ ለዐውደ ጥናት ከክልል ከተማ የሚጠራው መምህር፣ ለስብሰባ የሚጓዘው የሥራ ኃላፊ፣ ከባሕር ማዶ ዘመድ ሊጠይቅ የሚገባው ኢትዮጵያዊ ሁሉም አንድ ጥያቄ ይዘው ይነሣሉ፤ በሁለት ቀን ምን ይታያል? በሁለት ምሽትስ ወዴት ይወጣል? ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ከመደጋገም ብዛት የታወቀ ቅርጽ ይዟል። ቀኑ በሙዚየም፣ በሐውልትና በእንጦጦ ይሞላል፤ ምሽቱም «የባህል ምሽት» በሚባለው የምግብ አዳራሽ ይዘጋል። ልማዱ እስከ ዛሬ እንደ መስተንግዶ ጉዳይ ብቻ ሲታይ ኖሯል። ይሁን እንጂ መድረክ፣ ተወዛዋዥ፣ ሙዚቀኛና ተመልካች የተገናኙበት ነገር ሁሉ የኪነ ጥበብ ጉዳይ ነውና በኪነ ጥበብ ሚዛን ሊመዘን ይገባዋል።

የእነዚህ ምሽቶች አቀራረብ ከቤት ቤት ብዙም አይለያይም። እንግዳው በመሶቡ ዙሪያ ይቀመጣል፤ እጁን ይታጠባል፤ ጠጁ በብርሌ ይቀርብለታል። እንጀራው ተዘርግቶ ወጡ ሲወጣ የመድረኩ መብራት ይበራና የጎንደር እስክስታ ይጀመራል። ከዚያ የትግራይ፣ ከዚያ የጉራጌ፣ ከዚያ የኦሮሞ፣ ከዚያ የወላይታ፣ ከዚያም የጋምቤላ ውዝዋዜ በየተራ ይከተላል። ለእያንዳንዱ የሚሰጠው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። በአንዱና በሌላው መካከል የሚታየው ለውጥ የልብስ ለውጥ ነው። ውዝዋዜው ከየት አካባቢ እንደ መጣ፣ የሠርግ ይሁን የመኸር፣ የድል ይሁን የኀዘን አይነገርም። የተወዛዋዡም ስም አይጠራም። ማሲንቆው በሙዚቀኛው ጭን ላይ ይታያል፤ ድምፁን ግን ኪቦርዱና ድምፅ ማጉያው ውጠውታል። ተመልካቹ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሀገር ዞሮ ይጨርሳል፤ ሒሳቡን ከፍሎ ሲወጣ ግን ያየውን ለሌላ ሰው የሚነግርበት አንድ ስም እንኳ አልያዘም።

ይህን አቀራረብ በማጠሩ ብቻ መንቀፍ አይገባም። አጭር ግጥም አለ፤ ባለ አንድ ገቢር ተውኔትም አለ። የሚያስነቅፈው ቅርጹ ይዘቱን መብላቱ ነው። በትግራይ ጭፈራ ከበሮ መቺው መካከል ሆኖ ጨፋሪው ክብ ሠርቶ ይዞራል። በዚያ ክብ ውስጥ ሁሉም ጨፋሪ ነው፤ የቆመውም ቢሆን ተራውን ይጠብቃል። መድረክ ላይ ሲወጣ ይኸው ክብ ተቆርጦ መስመር ይሆንና ፊቱን ወደ ተመጋቢው ያዞራል። በምሥራቅ ኦሮሞ ሸጎዬ ወንዶችና ሴቶች ወጣቶች ፊት ለፊት ቆመው በዘፈን ይመላለሳሉ፤ ጨዋታው ምልልስ ነው። መድረክ ላይ ዘፈኑን አንድ ድምፃዊ ወይም የተቀዳ ሙዚቃ ጠቅልሎ ሲወስደው ጥያቄውም መልሱም ይጠፋና የአንገት እንቅስቃሴ ብቻ ይተርፋል። እስክስታም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። የጎጃሙ፣ የጎንደሩ፣ የወሎውና የሸዋው ትከሻ የየራሱ ለዛ አለው፤ ፍጥነት ብቻ በሚጨበጨብለት መድረክ ላይ ግን አራቱም ወደ አንድ ይቀልጣሉ።

እዚህ ላይ ፍርድ ሚዛኑን እንዳይስት ያስፈልጋል። እነዚህ አዳራሾች ለብዙ ተወዛዋዥና ሙዚቀኛ የዕለት እንጀራ ናቸው፤ ለአንዳንዱም የመጀመሪያ መድረኩ ናቸው። ደግሞም የሕዝብን ጨዋታ ወደ መድረክ ማምጣት በራሱ ጥፋት የለበትም። በ1950ዎቹ የተቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ ዋሽንቱንና ከበሮውን በአንድነት አሰልፎ ያሰማው ከየቀዬው ወደ መድረክ አምጥቶ ነበር። ልዩነቱ ከሐሳቡ ላይ ነው። አንዱ ምን እንደሚጠብቅ፣ ምን እንደሚለውጥና ለምን እንደሚለውጥ አስቦ ያዘጋጃል፤ ሌላው ወጥ እስኪወጣ ድረስ ዐይን የሚይዝ ነገር ይፈልጋል።

ጥፋቱን ሁሉ በአዳራሹ ባለቤት ላይ መጣልም ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። እንግዳው ወደዚያ የሚደርሰው በአንድ ቀን ሰባትና ስምንት ቦታ ዞሮ፣ እግሩ ዝሎ፣ ዐይኑ ጠግቦ ነው። የጉብኝቱን ዕቅድ ያወጣው ሰው ቀኑን ለዕውቀት፣ ምሽቱን ለመዝናኛ ብሎ ከፍሎታል። ቀኑ ለምሽቱ የሚያዘጋጀው ነገር የለም፤ ምሽቱም ከቀኑ የሚቀበለው ነገር የለም። ተውኔት ጸሐፊ በመጀመሪያዎቹ ትዕይንቶች ያላስተዋወቀውን ሰው በመጨረሻው ትዕይንት ቢያስለቅሰው ተመልካቹ አብሮት አያለቅስም። የሁለት ቀን ጉብኝትም እንዲሁ ነው። ምሽቱ እንዲያምር ከተፈለገ ዕቅዱ ከምሽቱ መነሣት አለበት። መጀመሪያ ማታ የሚሰማውና የሚታየው ይመረጣል፤ ቀጥሎ ለዚያ ዐይንና ጆሮን የሚያዘጋጀው የቀን ጉዞ ይወሰናል።

ለዚህ አዲስ አበባ ምን ያህል የተመቸች መሆኗን በምሳሌ ማሳየት ይቻላል። የመጀመሪያው ምሽት ለሀገር ፍቅር ቴአትር ይሰጥ እንበል። ቀኑ ከስድስት ኪሎ ይጀምራል። በአደባባዩ መካከል የቆመው ሐውልት የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በፋሺስት ኢጣልያ ጦር የተጨፈጨፉትን ሰማዕታት ያስባል። ከዚያ ጥቂት ርምጃ ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲገባ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም አለ። ግቢው ውስጥ ኢጣልያኖች ያቆሙት ጠመዝማዛ ደረጃ ይታያል፤ ከጫፉ ላይ ከነጻነት በኋላ አንበሳ ተቀምጦበታል። ደረጃው ስለ ወረራውና ስለ ድሉ ያለ ቃል ይናገራል። ከዚያ ወደ ታች ሲወረድ አምስት ኪሎ ላይ በብሔራዊ ሙዚየም የድንቅነሽ ነገር አለ፤ በኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ የተገኘችና ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚገመት ናት። አራት ኪሎ ታልፎ ወደ ፒያሳ ሲዘለቅ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያና የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ጎረቤታሞች ሆነው ይገኛሉ።

እንግዲህ ማታ ሀገር ፍቅር የገባው ሰው የተቀመጠበትን ቤት ማንነት ያውቃል። የሀገር ፍቅር ማኅበር የተቋቋመው በ1927 ዓ.ም. ጠላት በድንበር ላይ ጦሩን ሲያከማች፣ ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን ለመቀስቀስ ነበር። ከ1888ቱ የዓድዋ ድል እስከ 1929ኙ እልቂት ያለውን ታሪክ በቀን በእግሩ የተራመደ ተመልካች፣ ማታ መጋረጃ ሲገለጥ የሚያየው ተውኔት ዘመናዊ ቀልድ እንኳ ቢሆን፣ ያ መድረክ ለምን እንደ ተሠራ አይዘነጋውም። ያን ምሽት እንግዳው ሲስቅም ከታሪክ ጋር ነው።

ሁለተኛው ቀን ሌላ መልክ ይኑረው። ማለዳውን በአፍሪካ አዳራሽ ማሳለፍ ነው። አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው ይህ ሕንፃ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀ ሲሆን፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በግንቦት 1955 ዓ.ም. የተመሠረተው በዚሁ ነው። ታድሶም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደ ገና ተከፍቷል። የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ በሦስት ክፍል ያሳያል። የመስታወት ሥዕል በቀን ብርሃን እንጂ በመብራት አይነበብምና ሰዓቱ ይታሰብበት፤ የመግቢያ ፈቃድም አስቀድሞ ይጠየቅ። ከዚያ በመስቀል አደባባይና በለገሃር በኩል ወደ ብሔራዊ ቴአትር ይደረሳል። በ1948 ዓ.ም. በመኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» የተከፈተው ይህ ቤት፣ በደጁ የሞሪስ ካልካን የድንጋይ አንበሳ አቁሟል። ትርኢት ያለ እንደ ሆነ ገብቶ ማየት ነው። በከተማይቱ የቴአትር ትርኢት ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ወይም በመምሻው ላይ ስለሚጀምር የቀረው ምሽት ለሌላ ነገር ይተርፋል።

ያ የተረፈው ምሽት ለአዝማሪ ቤት ቢሰጥ መልካም ነው። በመጀመሪያው ቀን በጥናት ተቋሙ ሙዚየም ከመስታወት ጀርባ የታየው ማሲንቆ እዚህ ይናገራል። ያ ሙዚየም የሕዝቡን ኑሮ ከልደት እስከ ሞት በዕድሜ ቅደም ተከተል ስለሚያሳይ፣ ዘፈን ሁሉ ወቅትና ምክንያት እንዳለው ለእንግዳው አስቀድሞ ነግሮታል። በአዝማሪ ቤት ደግሞ ተመልካች ዝም ብሎ የሚቀመጥበት ወንበር የለም። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል፤ ሲመቸውም ሰሙን ለሰጪው፣ ወርቁን ለአዳማጩ ያካፍላል። የባህል ምሽቱ መድረክ ቆርጦ የጣለው ምልልስ እዚህ በሕይወት አለ ማለት ነው። ቋንቋውን ለማያውቅ እንግዳ ጎኑ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልገዋል፤ ቅኔ በጥድፊያ አይተረጎምም፤ ቢሆንም አንድ ግጥም በደንብ ተፈትቶለት የወጣ እንግዳ ከሠላሳ ዘፈን የበለጠ ይዞ ይሄዳል። ነቀፌታ እዚህም አይጠፋም። ድምፅ ማጉያው ከልክ ሲያልፍ ወርቁ አይሰማም፤ አዝማሪው የኪስ ወፍራሙን ብቻ እየመረጠ ሲያወድስ ደግሞ ግጥሙ ተመሳሳይ እየሆነ ይሄዳል። ለሽልማት ግንባር ላይ የሚለጠፈው ብር ለጥሩ ግጥም ሲሆን ጥበቡን ያሳድጋል፤ ለስም ጥሪ ብቻ ሲሆን ያደኸየዋል።

ስለ ዝነጣም አንድ ነገር መባል አለበት። ምሽት የሚወጣ ሰው ማማሩ ወግ ነው፤ ለመድረኩም ክብር ነው። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ ይበረታል፤ ለሱፍ ልብሱም ለጥበብ ቀሚሱም መደረቢያ ያስፈልጋል። በሐምሌና በነሐሴ ዣንጥላ የማይረሳ ዕቃ ነው። በዐቢይ ጾም የዘፈን ቤቶች ይቀዘቅዛሉ፤ ዐሥር አውታር ያለው በገና የሚደመጠው ግን በዚያ ወቅት ነው፤ ስለዚህ የጾም ወራት እንግዳ ከዘፈን ይልቅ በገና ቢፈልግ ይጠቀማል። ማንኛውም ሙዚየምና ቴአትር ክፍት የሚሆንበትን ቀንና ሰዓት ዋዜማውን ማጣራት ይገባል። የቆየ ዝርዝር ይዞ መውጣትም አያዋጣም፤ በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ፒያሳና ካዛንቺስ መልካቸው ተለውጧል፤ ትናንት ማሲንቆ ይሰማበት የነበረው መንደር ዛሬ መንገድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ የጉዳዩን ክብደት ያሳያል። አዝማሪ ቤት በቅያስና በጎረቤት የሚኖር ነገር ነው። ግጥም የሚሰጠው ደንበኛና ግጥም የሚቀበለው አዝማሪ የአንድ ሰፈር ወሬ ስለሚያውቁ ነው ሰሙና ወርቁ የሚገጥመው። ሰፈሩ ሲበተን አዝማሪው ሥራ ፍለጋ የሚሄደው ወደዚያው የምግብ አዳራሽ ነው። እዚያም የሚጠብቀው ኪቦርዱ፣ መስመር የሆነው ክብና የጥቂት ደቂቃ ተራ ነው። የባህል ምሽቱ አቀራረብ ካልተሻሻለ የጠፋው ሰፈር የሚያስቀረው ቅርስ አይኖርም፤ ከተሻሻለ ግን አዳራሹ ለጥበቡ መጠለያ ሊሆን ይችላል።

ማሻሻያው ደግሞ ከፍተኛ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። በአንድ ምሽት ዐሥር ውዝዋዜ ከማሮጥ ሦስቱን በሙሉ ርዝመታቸው ማሳየት ይቻላል። ከእያንዳንዱ በፊት አንድ ሰው ወጥቶ የጨዋታውን ስም፣ አካባቢውንና ወቅቱን በሁለት ዐረፍተ ነገር ይናገር፤ የተወዛዋዦቹና የሙዚቀኞቹ ስም በምግብ ዝርዝሩ ጀርባ ይታተም። ምግቡ ከትርኢቱ በፊት ወይም በኋላ ይቅረብ። ድምፅ ማጉያው ማሲንቆውን ለማጉላት እንጂ ለመሸፈን አይዋል። ክብ ለሆነው ጭፈራም የአዳራሹ መካከል ይለቀቅለት፤ እንግዳውም ከፈለገ ይግባበት።

የቀረው የአስተናጋጁ ድርሻ ነው። ለዐውደ ጥናት የመጡ መምህራንን የሚቀበል ትምህርት ቢሮ፣ ልዑክ የሚያጅብ የሥራ ኃላፊ፣ ከባሕር ማዶ ዘመዱ የመጣበት የከተማ ነዋሪ ሁሉም የሁለት ቀን ዕቅድ አውጪዎች ናቸው። «እንግዳ ደራሽ፣ ውኃ ፈሳሽ» እንዲሉ እንግዳው ሳይታሰብ ቢደርስም እንኳ ለእነርሱ የሚከብዳቸው ነገር የለም፤ ስድስት ኪሎም፣ አፍሪካ አዳራሽም፣ ቴአትር ቤቱም ከተማው ውስጥ ናቸው። ከስምንቱ ቦታ አራቱን ይተዉ፤ የዕለቱን ትርኢት ከቴአትር ቤቱ በር ላይ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ለእንግዳውም አንዲት «ተቀበል» ያስተምሩት።