በአውቶቡስ ስለሚደረግ የጠማቂ ቤቶች ጉብኝት

የአንድን ባለሙያ ቤት ለመጐብኘት የሚሄድ ሰው ሁለት ነገር ይዞ ሊመለስ ይገባዋል፤ አንደኛው ስለ ሥራው ያገኘው ዕውቀት፣ ሁለተኛው ለሠሪው ያደረበት አክብሮት ነው። እነዚህን ሳይዝ የተመለሰ እንደ ሆነ መንገድ ሄደ እንጂ ጐበኘ አይባልም። ባለሙያው ሸማኔ ቢሆን፣ ሸክላ ሠሪ ቢሆን፣ መጠጥ ጠማቂም ቢሆን ሚዛኑ አንድ ነው። በዚህ ሚዛን ልመዝነው ያሰብሁት በኤውሮፓ እጅግ የተወደደውን ሽርሽር ነው፤ ሰዎች ተሰብስበው በአንድ አውቶቡስ ይሳፈሩና በአንድ ቀን ከአንዱ ትንሽ የቢራ ጠማቂ ቤት ወደ ሌላው ሲዞሩ ይውላሉ። ነገሩን በጅምላ ከመናገር አንዱን ለይቶ መመርመር ይሻላልና በቤልጂክ አገር የሚደረገውን፣ «ቱር ደ ጌዝ» የተባለውን ጉብኝት እወስዳለሁ። ዓመታቱንና ወራቱን የምጽፈው በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ከብሩክሴል ከተማ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ በዜን ወንዝ ሸለቆና ፓዮተንላንድ በሚባለው የገበሬ አገር፣ ላምቢክ የሚባል ጥንታዊ የቢራ ዓይነት ይጠመቃል። ቀድሞ በብዙ መንደር ይጠመቅ ነበር፤ ነገር ግን ታላላቅ ፋብሪካዎች ቶሎ የሚደርስ መጠጥ በብዛት ማውጣት ከጀመሩ፣ የሕዝቡም አፍ ጣፋጭ ከለመደ ወዲህ፣ ትንንሾቹ ቤቶች አንድ በአንድ እየተዘጉ ጥቂቶች ብቻ ቀሩ። ከቀሩት አብዛኞቹ ሙያው እንዳይጠፋ ብለው በ1997 ሆራል የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ይኸው ማኅበር በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ያህል፣ በሜይ ወር መግቢያ አካባቢ፣ የአባሎቹን ቤቶች ለሕዝብ ያስከፍታል፤ አውቶቡስም አዘጋጅቶ እንግዶችን ከቤት ወደ ቤት ያደርሳል።

የመጠጡን አሠራር ሳያውቁ ስለ ጉብኝቱ መፍረድ አይቻልም። ጠማቂው የገብስ ብቅል ይወስድና ያልበቀለ ስንዴ ይቀላቅልበታል፤ ስንዴው ከጠቅላላው እህል ሲሶ ወይም ከዚያ ጥቂት በለጥ ያለ ነው። ሆፕ የሚባለውንም ተክል ጨምሮ ያፈላዋል፤ የሚጨምረው ግን አዲሱን ሳይሆን ከዓመት በላይ ተቀምጦ ምሬቱ የለቀቀውን ነው። የሚፈልገው መጠጡን ከመበላሸት የሚጠብቅበትን ኀይል እንጂ ምሬቱን አይደለምና። ከዚያ በኋላ የፈላውን ፈሳሽ ጥልቀት በሌለው ሰፊ ገንዳ ላይ ገልብጦ፣ ሳይከድነው ሌሊቱን ሙሉ እንዲበርድ ይተወዋል። እርሾ አይጨምርበትም። የእኛ እናቶች ጠላ ሲጠነስሱ ጌሾውን፣ ብቅሉንና ጋኑን ተማምነው እንደሚጠብቁ፣ ያም ሰው የሌሊቱን አየርና የበርሜሉን እንጨት ተማምኖ ይጠብቃል። ሲነጋ በእንጨት በርሜል ይሞላዋል፤ በዚያም አንዱ አንድ ዓመት፣ አንዱ ሁለት፣ አንዱም ሦስት ዓመት ይቀመጣል። ጌዝ የሚባለው የእነዚህ የሦስቱ ቅልቅል ሆኖ በጠርሙስ ውስጥ እንደ ገና የፈላው ነው። እንግዲህ ጐብኚው በብርጭቆ ከሚቀበለው መጠጥ ከፊሉ የተጠመቀው ከሦስት ዓመት በፊት ነው።

ይህ ሥራ አደጋም አለበት። የሚጠመቀው በብርድ ወራት፣ ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ገደማ ብቻ ነው፤ ሌሊቱ የሞቀ እንደ ሆነ ለመጠጡ የማይስማሙ ረቂቃን ነፍሳት ይገቡበታልና። በኖቬምበር 2015 በብሩክሴል የሚገኘው የካንቲዮን ቤት ጠማቂ ዣን ቫን ሮይ፣ ሌሊቱ ከወትሮው አልፎ ስለ ሞቀበት ጥመቃውን ለማቋረጥ ተገዷል። በ2009 ደግሞ በቤርሴል ያለው ድሪ ፎንተይነን የተባለው ቤት፣ የሙቀት መቈጣጠሪያ መሣሪያው ተበላሽቶ መጋዘኑ ስለ ጋለ፣ በዐሥር ሺህ የሚቈጠር ጠርሙስ ጠፋበት። ባለቤቱ አርማንድ ደቤልደር ከተበላሸው መጠጥ አረቄ አስወጥቶ በመሸጥ ቤቱን ከመዘጋት ለማዳን ታገለ። ትንሽ ጠማቂ ቤት ማለት እንዲህ ያለ ነው፤ የብዙ ዓመት ድካም በአንድ መሣሪያ ጕድለት ሊጠፋ ይችላል።

አሁን ወደ ጉብኝቱ እንመለስ። የሚመሰገንበት ነገር አለው፤ ምስጋናውንም ሳልቈጥብ እሰጣለሁ። አንደኛ፣ በቤልጂክ ሕግ በአንድ ሊትር ደሙ ውስጥ ግማሽ ግራም አልኮል የተገኘበት ሰው መኪና መንዳት ክልክል ነው፤ ሃምሳው ሰው ሃምሳ መኪና ይዞ ከሚወጣ፣ መጠጥ ያልቀመሰ አንድ ሹፌር ሁሉን ይዞ ቢሄድ የመንገደኛው ሕይወት ይጠበቃል። ሁለተኛ፣ ትንሽ ቤት ለማስታወቂያ የሚያወጣው ገንዘብ የለውም፤ ደስ ብሎት የተመለሰ እንግዳ ግን ያለ ደመወዝ ያስተዋውቅለታል። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጥብኛል፤ ገበያ የሚሻሙ ነጋዴዎች ተስማምተው እንግዳቸውን ወደ ጎረቤታቸው ቤት መላካቸው በንግድ ዓለም ብዙ የማይታይ ደግነት ነው።

ይሁን እንጂ በዚህ ሽርሽር ሦስት ጕድለት አይበታለሁ።

የመጀመሪያው ጥድፊያው ነው። አውቶቡሱ ሰዓት አለው፤ ሰዓቱ ሲደርስ ጠማቂው ንግግሩን ባይጨርስም እንግዳው ይነሣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ እየተሮጠ የተሰማ ነገርም በማግሥቱ አይገኝም። ሳስተምር በኖርሁበት ዘመን አንድ መጽሐፍ አንብቦ ከጨረሰው ልጅ ይልቅ ዐሥር መጽሐፍ ገልጦ ያየው ሲመካ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ የጎበኛቸውን ቤቶች ቍጥር ብቻ ይዞ የሚመለሰው ሰው ከዚህ ልጅ አይለይም።

ሁለተኛው ጕድለት የወራቱ ነው። የሜይ ወር ለመንገደኛ ያማረ ነው፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ የጥመቃው ወቅት ተፈጽሟል። ስለዚህ እንግዳው በአብዛኛው የሚያየው ባዶውን ገንዳና የተደረደሩትን በርሜሎች ነው። ሥራው ሲሠራ ሳያይ የሥራውን ፍሬ ብቻ ይጠጣል። ዕውቀቱ ከጎደለም የሚቀረው መጠጡ ብቻ ይሆናል።

ሦስተኛውና ዋነኛው ጕድለት በመጨረሻው ቤት ባለቤት ላይ የሚደርሰው በደል ነው። እስኪ በሒሳብ እንየው። አንድ ሰው በየቤቱ ሩብ ሊትር የሚይዝ ሁለት ብርጭቆ ብቻ ቢጠጣ፣ ቤቶቹም አምስት ቢሆኑ፣ ማታ ላይ ሁለት ሊትር ተኩል ጠጥቷል። ጌዝ ከመቶው ስድስት እጅ ያህል አልኮል አለበትና፣ ይህ ሰው መቶ ሃምሳ ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል በሆዱ ይዟል ማለት ነው። እንዲህ የሆነ ምላስ የሦስት ዓመቱን ከአንድ ዓመቱ ሊለይ አይችልም። የመጀመሪያው ጠማቂ አስተዋይ እንግዳ ይቀበላል፤ የመጨረሻው ግን እኩል ደክሞ፣ እኩል ጠብቆ፣ የሚጮኽና የሚንገዳገድ እንግዳ ይደርሰዋል። የዚያ ቤት መጠጥ ምናልባት ከሁሉ የሚበልጠው ሊሆን ይችላል፤ የሚፈርድለት ግን የለም። ሰክሮ በችሎት የተቀመጠ ዳኛ የሰጠውን ፍርድ ማን ይቀበላል?

«ይህ እኮ የፋብሪካ መጠጥ አይደለም፤ የአባቶች ሙያ ነው፤ በ2016 የቤልጂክ የቢራ ባህል በዩኔስኮ መዝገብ ተጽፏል» የሚሉ አሉ። መጻፉ እውነት ነው፤ ነገር ግን የተመዘገበው ባህሉ እንጂ ስካሩ አይደለም። አልኮሉም በትንሽ ቤት ስለ ተጠመቀ፣ ወይም ስሙ ጥንታዊ ስለ ሆነ፣ በሰውነት ላይ የሚያደርሰውን አይተውም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2023 ለጤና ጕዳት የሌለው የአልኮል መጠን እንደሌለ አስታውቋል። የሙያን ክብር ለሆድ መሸፈኛ ማድረግ ሙያውን ማዋረድ ነው።

የተሻለ መንገድ እንዳለ የሚያሳይ ምሳሌ እዚያው አገር ይገኛል። ከላይ የጠቀስሁት የካንቲዮን ቤት በ1900 የተቋቋመ ሲሆን፣ ከ1978 ጀምሮ ሙዚየም ሆኖ ጐብኚ ይቀበላል። የሆራል አባል አይደለም። በዓመት በጥቂት የተለዩ ቀናት፣ በብርዱ ወራት፣ ጥመቃው ሲካሄድ ከማለዳ ጀምሮ በሩን ለሕዝብ ይከፍታል። በዚያ ቀን የመጣ እንግዳ እህሉ ሲፈላ፣ እንፋሎቱ ሲወጣ፣ ገንዳው ሲሞላ ያያል፤ ከዚያ በኋላ ይቀምሳል። አንድ ቤት ብቻ አየ፤ ነገር ግን ጐበኘ ይባላል።

ስለዚህ እኔ ሽርሽሩ ይቅር አልልም፤ ይታረም እላለሁ። አውቶቡሱ በቀን ከሁለት ቤት አይለፍ። በየቤቱ መጀመሪያ ጠማቂው ይናገር፤ ብርጭቆው ንግግሩን ይከተል። ዳቦና ውሃ ከመጠጡ ጋር እኩል ይቅረብ። የማይጠጣ ሰው ሙያውን ለማየት ቢመጣ «ታዲያ ለምን መጣህ» ሳይባል በክብር ይስተናገድ፤ እንዲያውም ጠማቂው ለሚነግረው ነገር ከእርሱ የተሻለ ሰሚ ላይገኝ ይችላል። ሁለተኛውንም ቤት መጀመሪያ ያየ ሌላ ቡድን ይኑር፤ እንዲህ ከሆነ ሁለቱም ባለቤቶች ልቡ ያልደከመ እንግዳ ይደርሳቸዋል።

ሽርሽር የምታዘጋጅ ወዳጄ ሆይ፣ የመንገዱን መስመር ስትጽፍ በመጨረሻው ቤት በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅህን ሰው አስብ። ሦስት ዓመት የጠበቀውን መጠጥ ሲቀዳልህ፣ የሚናገረውን የሚሰማበት ጆሮ ያለው እንግዳ ይዘህለት ድረስ።