አሉሚኒየም አንገት በካርቱም ሙቀት

አሉሚኒየም አንገት ያለውን አሮጌ ጊታር ለመመዘን ከካርቱም የተሻለ ከተማ አላውቅም። ከሱዳኑ ጦርነት በፊት ሪያድ ሰፈር ውስጥ ኤሲ የሚሠራበት ሳሎን ብርድ ነበር፤ በሩን ከፍቶ ወደ ግቢው የወጣ ሰው ግን በግንቦት ከ40 ዲግሪ የሚያልፍ ሙቀት ይቀበለዋል። ጊታሩን ሳሎን ውስጥ ይቃኙት፣ ግቢው ጥላ ሥር አውጥተው ሙቀቱ እስኪገባው ይተዉት፣ ከዚያ መቃኛውን ሳይነኩ እንደገና ይምቱት። ሻጩ ከሚያወራው ሁሉ ይህ ይበልጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ክር ሁለት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል። ሁለቱ እኩል ሲሞቁ አንገቱ ክሩን ይወጥረዋል፤ ድምፁም ወደ ላይ ይሸሻል። የ20 ዲግሪ ልዩነት ቀጭኑን ክር የግማሽ ድምፅ ሩብ ያህል ሊያነሣው ይችላል፤ ወፍራሞቹ ከዚያም በላይ ይሄዳሉ። ይህ ጣጣ ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋር አብሮ የተወለደ ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ጆርጅ ቢቻም የነደፈው፣ በቅርጹ ምክንያት “መጥበሻ” የተባለው የሪክንባከር አሉሚኒየም ጊታር በመድረክ መብራት ሙቀት ቅኝቱ ይበላሽ ነበር። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለዚህ ድምፁ መሸሹን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም። የምመለከተው መመለሱን ነው። ጤነኛ ጊታር ሙቀቱን ተከትሎ ይወጣል፤ ወደ ሳሎኑ ሲገባና ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የተቃኘበት ቦታ ላይ ይገኛል። ካልተመለሰ የሆነ ቦታ የሚንሸራተት ነገር አለ፤ ወይ መቃኛው ደክሟል፣ ወይ ክሩ አንገቱ ጫፍ ላይ ይያዛል፣ ወይ አንገቱና አካሉ የተያያዙበት ብሎን ላልቷል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በትንሽ ገንዘብ ይስተካከላሉ። ሦስተኛውን ፈትቶ ማየት ይጠይቃል።

ለእኛና ለሱዳኖች ጉዳዩ ከሌላው ይከብዳል። የሁለታችንም ዜማ በአብዛኛው በአምስት ድምፅ ይሄዳል፤ ጊታሩም ብዙ ጊዜ ዘፋኙን እየተከተለ ያንኑ ዜማ ይጫወታል። ትዝታ ላይ አንድ ድምፅ ረዘም አድርጎ የያዘ ጊታሪስት ድምፁ በጥቂቱ ቢሸሽ የሚደብቅለት ኮርድ የለም። የሱዳኑ ዘፋኝ ሸርሃቢል አሕመድ በ1960ዎቹ ኤሌክትሪክ ጊታርን የዘፈኑ ማዕከል ካደረገ በኋላ የካርቱም አድማጭ ጆሮ በዚህ ላይ ጨካኝ ሆኗል። ደግሞም ትክክል ነው።

ወደ መሣሪያዎቹ ስንመጣ፣ ሰብሳቢዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠሩት ትራቪስ ቢንን ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ1974 እስከ 1979 ብቻ ነው የተሠራው። አንገቱ ከአንድ ወጥ አሉሚኒየም ተፈልፍሎ ወደ አካሉ ውስጥ ይዘልቃል፤ ፒክአፑና ብሪጁ የሚያርፉት በዚያው ብረት ላይ ነው። ክሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚነካው አንድ ብረት ስለሆነ ድምፁ ይረዝማል። የግሬትፉል ዴዱ ጄሪ ጋርሲያ በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ ስቲቭ አልቢኒ ደግሞ ለብዙ ዓመታት ተጫውተውበታል። ከትራቪስ ቢን ኩባንያ የወጣው ጌሪ ክሬመር በኒው ጀርዚ በስሙ የሚጠራውን ክሬመር ጊታር አስጀመረ፤ የአንገቱ ራስ ሹካ ይመስላል፣ በጀርባው በኩል እንጨት ተለብጦበታል። እንጨቱ እጅን ከቅዝቃዜ ያድናል፣ ክብደትም ይቀንሳል። ፍሎሪዳ ውስጥ ጆን ቬሌኖ አካሉንም አንገቱንም አሉሚኒየም አድርጎ ከ200 ያነሱ ጊታሮች ሠርቷል። ከእነዚህ ሁሉ ቀደም ብሎ ጣሊያን ውስጥ፣ ካቭሪያጎ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ አንቶኒዮ “ዋንድሬ” ፒዮሊ የአሉሚኒየም አንገት ይሠራ ነበር፤ ቅርጾቹ እስከ ዛሬ ደፋር ናቸው።

ለመጫወት ለሚገዛ ሰው ክሬመርን እመክራለሁ። ዋጋው ከትራቪስ ቢን በጣም ያነሰ ነው፤ ሠርተው ያደሩ ስለሆኑም ጉዳታቸው በግልጽ ይታያል። ቤዙን የሚገዛ ግን መጀመሪያ በማንገቻ ትከሻው ላይ ይስቀለውና ግራ እጁን ይልቀቅ። አንገቱ ወደ መሬት ከወደቀ ሌሊቱን ሙሉ የሚሸከመው ግራ ክንዱ ነው።

ከዚህ በኋላ ዋናው ምርመራ ይመጣል። የእንጨት አንገት ሲጎብጥ ውስጡ ያለውን ትረስ ሮድ አጥብቆ ማቃናት ይቻላል። ትራቪስ ቢንም፣ ክሬመርም፣ ቬሌኖም ይህ ዘንግ የላቸውም። አንገቱ አንዴ ከታጠፈ ታጠፈ። ክሩን የመጀመሪያው ፍሬት ላይና የመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭነው መሐል ላይ፣ ሰባተኛው አካባቢ፣ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት ይዩ። ቀጭን ወረቀት የሚያሳልፍ ከሆነ ደግ ነው። ቀጭን ክር ላይም ወፍራም ክር ላይም ይህን ያድርጉ፤ ሁለቱ ካልተመሳሰሉ አንገቱ ተጠማዟል ማለት ነው፤ ስሙ ምንም ቢሆን ይተዉት።

ደረቅ አየር ሌላ ጥፋት ይሠራል። እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ብረቱ ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ ትራቪስ ቢን ላይ ጣት የሚያርፍበት ሮዝዉድ ከአሉሚኒየሙ ሊላቀቅ ይችላል። በጥፍር ከላይ እስከ ታች ያንኳኩት፤ አንድ ቦታ ላይ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ማጣበቂያው ለቋል። ይህ ይጠገናል፣ በዋጋው ላይ ግን መደራደሪያ ነው። ብሎኖቹ ዙሪያ ያለው እንጨት ላይ ስንጥቅ ካለ ደግሞ በባትሪ መብራት ይከተሉት።

ማብረቅረቁ አያታልልዎ። አሮጌ አሉሚኒየም ግራጫ ይሆናል፣ የላብ ጨውም ነቁጥ ይተውበታል፤ ይህ ዕድሜው ነው። እንደ መስታወት የተወለወለ አንገት ሳይ የማየው የተፋቀውን ብረት ነው፤ ከእሱም ጋር የደበዘዘውን መለያ ቁጥር።

ድምፁን መጀመሪያ ያለ ማጉያ ይስሙ። እያንዳንዱን ፍሬት ይምቱና ድምፁ እስኪሞት ይጠብቁ። ጥሩ የብረት አንገት ከላይ እስከ ታች እኩል ይዘልቃል፤ አንድ ፍሬት ላይ ቶሎ የሚሞት ከሆነ ፍሬቱ ተነሥቷል ወይም ሥሩ ተላቋል። የቀረውን የሚወስነው ፒክአፑ ነው፤ “የብረት ድምፅ” እየተባለ የሚሞገሰው ብዙው የፒክአፕ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

በዚያው በሱዳን ዋጋ የማይወጣለት አንድ መሣሪያ አለ። የፖርት ሱዳኑ ኑሪ ከብረት ቁርጥራጭ ክምር ውስጥ ያገኘውን የጊታር አንገት አባቱ ከሰጠው ጠምቡር፣ ከክራር ዘመድ፣ ጋር አዋሕዶ በኤሌክትሪክ ይጫወተዋል፤ በ2022 በወጣው የቤጃ ሙዚቃ አልበሙ ላይ ይሰማል። መመዘኛው እዚህም ያው ነው፤ ሁለት ባዕድ አካላት የተጋጠሙበት ቦታ ጸንቶ ቅኝቱን ይይዛል ወይ? አልበሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይህን ይመልሳል፤ ድምፁ ሲንከባለል አንዲት ቦታ አይናጋም።

ሚያዝያ 2023 ከተጀመረው ጦርነት ወዲህ ግን አንድ ጥያቄ ከሁሉ መቅደም አለበት። የሪያድ ቤቶች ተዘርፈዋል፤ ከካርቱም የወጣ ዕቃ ብዙ ገበያ ደርሷል። ትራቪስ ቢን መለያ ቁጥሩ የአንገቱ ራስ ላይ ታትሟል። ሻጩ ከማን እንደገዛው፣ መቼና የት እንደነበር ይጠይቁ፤ አሮጌ ፎቶ ካለው ቁጥሩን ከፎቶው ጋር ያስተያዩ። መልሱ ከተምታታ፣ አንገቱ እንደ ቀስት ገመድ ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ፣ አይግዙት።