ሳልሳና ሄቪ ሜታል በአንድ ጣሪያ ሥር፦ የፑያ «ፈንዳሜንታል»

የፖርቶ ሪኮው ባንድ ፑያ «ፈንዳሜንታል» የተሰኘውን አልበም እ.ኤ.አ. በ1999 ሲያወጣ፣ ሜታልን ከራፕ ጋር ማጋባት የአሜሪካ የሙዚቃ ገበያ ፋሽን ነበር። ፑያ ራፑን ሳይተው የአገሩን ሳልሳ ከነኮንጋው፣ ከነነሐስ ትንፋሽ መሣሪያዎቹ ጨመረበት።

ሁለቱ ስልቶች የሚጣሉት ከጩኸቱ ይልቅ በምት አቀማመጥ ነው። ሳልሳ የሚቆመው ክላቬ በሚባለው፣ በሁለት ባር ውስጥ አምስት ምቶችን ሦስትና ሁለት አድርጎ በሚከፍል መሠረት ላይ ነው። የሳልሳ ቤዝ የባሩን የመጀመሪያ ምት አይጠብቅም፤ ቀድሞት ይገባና ድምፁን እየሳበ ያልፈዋል። የሜታል ቤዝ ግን ከጊታሩና ከከበሮው ጋር እዚያው ምት ላይ በኅብረት ያርፋል። ቤዝ ተጫዋቹ እንግዲህ ለሁለት ጌታ ሊገዛ ነው።

በአልበሙ ደካማ ቦታዎች ፑያ ችግሩን የሚሸሸው በመፈራረቅ ነው፤ ሳልሳው በአንዱ በር ሲወጣ ጊታሩ በሌላው ይገባል። አድማጭ በቅልጥፍናቸው ይደነቅ ይሆናል፤ ውሕደት ግን አልሰማም። የኤድዋርዶ ፓኒያጓ ከበሮ ከኮንጋው ሳይለይ የራሞን ኦርቲስ ከባድ ጊታር ሲደረብበት ነው አልበሙ ስሙን የሚያገኘው። ያኔ ጊታሩ ራሱ የምት መሣሪያ ይሆናል፤ ሜታል የሚያንገላታው አንገት ወገብንም ይጠራል።

ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 በኒውዮርክ ያወጣውን «አፍሮ ላቲን ሶል» ለሚያውቅ አድማጭ የላቲን ምት እንግዳ አይደለም። ሆኖም ሙላቱ የኢትዮጵያን ቅኝት በላቲን ምት ላይ ሲያሳርፍ ዜማና ምት የየራሳቸው ስፍራ ነበራቸው። ፑያ ምትን ከምት ጋር ነው ያፋጠጠው፤ ይህም የከበደ ሥራ ነው።

ፕሮዲውሰሩ አርጀንቲናዊው ጉስታቮ ሳንታኦላላ ነው፤ ኋላ ለፊልም ሙዚቃ ሁለት ኦስካር የተሸለመው። ኮንጋው በጊታር ጎርፍ አለመዋጡ ሳያስመሰግነው አይቀርም።

ድምፃዊው ሰርጂዮ ኩርቤሎ ስፓኒሽንና እንግሊዝኛን እያቀያየረ ያዜማል። የስፓኒሽ ቃላት በአብዛኛው በአናባቢ ስለሚያበቁ በፈጣኑ ምት ላይ ሳይሰናከሉ ይንከባለላሉ። እንግሊዝኛው በአንዳንድ ስንኞች ለገበያ የተከፈለ ቀረጥ ይመስላል። ይሁንና ከ1898 ጀምሮ በአሜሪካ ሥር ባለች፣ እናት ልጇን በስፓኒሽ በምታሳድግባት ደሴት፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቋንቋ መቀየር የዕለት ኑሮ ነው። ኩርቤሎ ይህን ኑሮ ሳያስጌጥ ሲያሰማ ድምፁ ያሳምናል፤ ሁለቱን ቋንቋዎች በየተራ ሲያሰልፋቸው ደግሞ የመፈራረቁ ድክመት ወደ ግጥሙም ይገባል።

በ2001 በወጣው «ዩኒየን» ሜታሉ ጠንክሮ ሳልሳው ሳስቷል። ፑያን ገና ያልሰማ አድማጭ ከ«ፈንዳሜንታል» ይጀምር፤ የመክፈቻውን ዘፈን «ኦዋሲስ»ን ሲሰማም ጆሮውን ወደ ቤዙ ይስጥ።