«መልሶ መጥራት» ማንን ይጠራል?
በአንድ የትርጉም ረቂቅ ላይ የቀረበ ሂስ

በድሬዳዋ የሚኖር አንድ ተርጓሚ ለተሽከርካሪ ባለንብረቶች የሚታደል የአንድ ገጽ ማስታወቂያ ወደ አማርኛ መልሶ እንድመረምርለት ሰጥቶኝ ነበር። ጉዳዩ በዓለም የታወቀ ነው። የጃፓኑ ዴንሶ በሠራው የቤንዚን ፓምፕ ላይ ጉድለት በመገኘቱ፣ ቶዮታ እስከ 2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድረስ 5.84 ሚሊዮን ያህል ተሽከርካሪዎችን የሚመለከት ጥሪ አውጥቷል። በፓምፑ ውስጥ የሚሽከረከረው የፕላስቲክ መዘውር ይሰነጠቃል፤ ቤንዚን ጠጥቶ ያብጣል፤ ከአቃፊው ጋር ሲፋተግም ፓምፑ ይቆማል፤ ሞተሩም በጉዞ ላይ ሳለ ሊጠፋ ይችላል። በደንገጎ ጠመዝማዛ ላይ ሞተር ቢጠፋ መሪና ፍሬን እንዴት እንደሚከብዱ ለድሬዳዋ ሰው ማስረዳት አያሻም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍታ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ቢያግድም፣ ቀድመው የገቡት በመንገድ ላይ ናቸው። ከእነዚህም ብዙዎቹ በሌላ አገር ያገለገሉ ስለሆኑ፣ የፋብሪካው ደብዳቤ የሚላከው እዚያ ለቀረው ባለንብረት ነው። ለእኛው ሰው የሚደርሰው ይህች ገጽ ብቻ ልትሆን ትችላለች።

ረቂቁ «ኩባንያው ተሽከርካሪዎቹን ከገበያ ሰብስቧል» ይላል። «ሰበሰበ» ለመድኃኒት ወይም ለምግብ ዘይት ያገለግላል፤ ዕቃው ከመደርደሪያ ላይ ይነሣልና። መኪናው ግን በሰው ደጅ የቆመ ነው። ከዚህም በላይ ግሡ ባለቤት ያደረገው ኩባንያውን ነው፤ ድርጊቱም አልቋል። ያነበበ ሰው ነገሩ እንደተፈጸመ ቆጥሮ ወረቀቱን ያስቀምጣል፤ መኪናውንም ያስነሣል። በርዕሱ ላይ የገባው «መልሶ መጥራት» ደግሞ የእንግሊዝኛውን ቃል አካል በአካል የገለበጠ ነው። ለአንድ መካኒክ ባነበብሁለት ጊዜ መኪናው ወደ ጃፓን ይመለሳል ማለት እንደሆነ ጠየቀኝ። ጥያቄው ትክክል ነው። ፎርድ በ1978 እ.ኤ.አ. 1.5 ሚሊዮን በሚያህሉ የፒንቶና የቦብካት መኪናዎች ላይ ጥሪ ሲያወጣ መኪናዎቹ ወደ ፋብሪካ አልተመለሱም፤ የቤንዚን ታንካቸው ከኋላ ሲገጩ እንዳይቀደድ በየጋራዡ የፕላስቲክ መከላከያ ተደረገለት እንጂ።

«ጥሪ» የሚለው ቃል ራሱ መልካም ነው። በአማርኛ ጥሪ ያለ ተጠሪ አይቆምም፤ ስሕተቱ ሰውን ትቶ መኪናን መጥራቱ ነው። ስለዚህ «ለባለንብረቶች የቀረበ የእርማት ጥሪ» እንዲባል ሐሳብ አቅርቤአለሁ። እርማት የሚለውን ቃል አሳታሚዎች የራሳቸውን ስሕተት ሲያምኑ በመጽሐፍ መጨረሻ ያኖሩታልና ጥፋቱን በሠሪው ላይ ያደርጋል። እርግጥ የመምህራንን የፈተና እርማትም ያስታውሳል፤ ይህ ግን አያሳስትም። «የጥገና ጥሪ» ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ለጆሮም ይቀላል። ነገር ግን ጥገና በእኛ ዘንድ ባለመኪናው ከኪሱ የሚከፍለው ነው፤ በጥሪ የሚለወጠው ፓምፕ ደግሞ ያለ ክፍያ የሚደረግ ነው። ሂሳብ የሚፈራ ሰው በዚህ አንድ ቃል ምክንያት ሊቀር ይችላል።

«የነዳጅ ፓምፕ» የሚለው ከሁሉ ይልቅ አስቸግሮናል። ለከተማው ሰው የነዳጅ ፓምፕ ማለት በማደያው የቆመው መቅጃ ነው። በጋራዥ ቋንቋ ደግሞ ከጣሊያንኛ የተገኘው «ፖምፓ» ብቻውን ሲነገር የናፍታ ሞተሩን ፖምፓ ያመለክታል፤ ይህንኑ የሚጠግነው ባለሙያ «ፖምፒስታ» ይባላል። ጉድለት የተገኘበት ግን በቤንዚን መኪና ታንክ ውስጥ የተነከረው ነው። ለታንኩም ጋራዡ የራሱ የጣሊያን ቃል አለው፤ አንዱ «ሰርባትዮ» ሲል ሌላው «ሳልባትዮ» ይለዋል። ድሬዳዋ ከ1895 ዓ.ም. ጀምሮ ባቡሩን ከነቃሉ የተቀበለች ከተማ ናት፤ ሽመንደፈርንም ለገሃርንም ከፈረንሳይኛ ወስዳ በራሷ አንደበት አቅንታለች። ስለዚህ የሠራተኛውን ቃል ንቆ አዲስ ስያሜ መቅረጽ እዚህ ቦታ አይገባም፤ «በሳልባትዮ ውስጥ ያለው የቤንዚን ፖምፓ» ብንል መካኒኩ እጁን የት እንደሚሰድ ያውቃል።

በመጨረሻ ረቂቁ ባለንብረቱ «የተሽከርካሪውን መለያ ቁጥር» እንዲያቀርብ ይጠይቃል። ሰው ታርጋውን ይዞ ይመጣል። የተፈለገው በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሻንሲ ቁጥር ነው፤ እንዲሁ ይባል።

ተርጓሚው «እርማት»ንም «ሻንሲ»ንም ተቀብሎኛል። «ሳልባትዮ» ግን ለታተመ ወረቀት አይመጥንም ብሎ እስካሁን አልተረታልኝም።