የመሬት ለውጥን በካርታ ለሚያሰፍሩ ተመራማሪዎች ሥልጠና የገቡ ስያሜዎች፦ አጭር ሂስ

የመሬትን ለውጥ ከሳተላይት ምስል እያነበቡ በካርታ የሚያሰፍሩ ተመራማሪዎችን በአማርኛ ለማሠልጠን የሚዘጋጁ ጽሑፎች በተለይ በሁለት ቦታ ሲሰናከሉ ይታያሉ። ጉዳዩ የቃላት ውበት አይደለም፤ በካርታ ምልክት መፍቻ ላይ የሰፈረ ቃል የመሬቱን ዕጣ ሊወስን ይችላል።

የመጀመሪያው መሰናክል «የመሬት ሽፋን» እና «የመሬት አጠቃቀም» ናቸው። ሽፋን ለዓይን የሚታየው ሣር፣ ዛፍ፣ ውሃ፣ አለት ነው። አጠቃቀም ሰው መሬቱን ያዋለበት ተግባር ነው። ምስሉ ሣሩን ያሳያል፤ ቦታው የግጦሽ ይሁን ወይም ጦም ያደረ እርሻ፣ ይህን የሚያውቀው ነዋሪው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመው የመሬት ሽፋን አመዳደብ ሥርዓት ሁለቱን ለይቷቸዋል። በእኛ ጽሑፎች ግን አንዱ በሌላው ቦታ ይገባል። ለዚህ የቃሉ አረባብ አንድ ምክንያት ይመስለናል። «አጠቃቀም» እንደ «አነጋገር»ና «አረማመድ» አኳኋንን የሚገልጽ ስም ስለሆነ፣ ሠልጣኙ «ለምን ተግባር ዋለ?» በማለት ፈንታ «እንዴት ተያዘ?» ብሎ ይጠይቃል። ሆኖም ስያሜው በ1997 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ርእስ ላይ ሳይቀር የሰፈረ ነውና መለወጡን አንደግፍም፤ ብያኔው አብሮት ይሰጥ።

የመደባለቁ ጉዳት «ባዶ መሬት» በሚለው ስያሜ ጎልቶ ይታያል። አርብቶ አደሮች በየወቅቱ የሚመላለሱበት ሜዳ በበጋ ምስል ላይ ሣር አልባ ሆኖ ቢታይና «ባዶ» ቢባል፣ ሽፋኑን ያየ ሰው በአጠቃቀሙ ላይ ፈረደ ማለት ነው። «ባዶ» ባለቤት የለውም ያሰኛል፤ «ገላጣ» ግን ዓይን ያየውን ብቻ ይናገራል። ስለዚህ «ገላጣ መሬት» ይመረጥ።

ሁለተኛው መሰናክል «የሥነ ምህዳር አገልግሎት» ነው። «ሥነ» በ«ሥነ ሕይወት»ና በ«ሥነ ልሳን» እንደሚታየው የጥናት ዘርፍን ይሰይማል። የጥናቱን ስም ለሚጠናው ነገር መስጠት ዕውቀቱንና ዕቃውን አንድ ማድረግ ነው። «ሥርዓተ ምህዳር» ቢባል ይቃናል።

አንዳንድ ተርጓሚዎች «አገልግሎት» አገልጋይና ጌታን ያስታውሳል ብለው «ጥቅም» ይሉታል። ስጋታቸው መሠረት አለው፤ መፍትሔያቸው ግን ሌላ ችግር ይወልዳል። «ጥቅም» ከ«አጠቃቀም» ጋር የአንድ ሥር ልጅ ስለሆነ ሁለቱን ጽንሰ ሐሳቦች ያጠላልፋል። ከዚህም በላይ ሰሚው የሚያስበው ማርና ማገዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሞ የወጣው የሚሌኒየም የሥርዓተ ምህዳር ግምገማ ግን ከአቅርቦት ሌላ ሚዛን ጠባቂ፣ ባህላዊና ደጋፊ አገልግሎቶችን ዘርዝሯል። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያለ ደን አንዲት እንጨት ሳይቆረጥለት አፈር ይይዛል፣ ወፍና ንብ ያስጠልላል፣ ምእመናንን ያሰባስባል። «ጥቅም» ይህን ሁሉ አይሸከምም፤ «አገልግሎት» ይጽና።

ሠልጣኙ ምስል ማንበብ ከመጀመሩ በፊት እነዚህ ስያሜዎች ከነብያኔያቸው ሊቀርቡለት ይገባል እንላለን። ካርታ ከታተመ በኋላ ቃል ማረም ይዘገያል።