ኮምፒዩተሩ ያሳረፈው ዜማ

ዜማ መጀመር ብዙ ሰው ይችላል፤ ማሳረፍ ነው ጭንቁ። የፈረንጅ ሙዚቃ ለዚህ ጭንቅ «ካደንስ» የሚል ስም አውጥቶ፣ ሕግ ደንግጎ፣ ለተማሪው በቁጥር ያስጠናዋል። ከአምስተኛው ኮርድ ወደ አንደኛው ሲመጡ ሙሉ ማሳረፊያ ይሆናል፤ ከአራተኛው ወደ አንደኛው ሲመጡ የቤተ ክርስቲያናቸው የ«አሜን» ማሳረፊያ ነው፤ ከአምስተኛው ወደ ስድስተኛው ሲያመልጡ ደግሞ አድማጭ ይሸወዳል። ዛሬ ይህን ሁሉ ሰው ሳይደክም የሚደረድር የኮምፒዩተር መሣሪያ አለ። ስሙ «ሙዚክ ትዌንቲዋን» ነው። ማይክል ከትበርትና ክሪስቶፈር አሪዛ የተባሉ ሰዎች በአሜሪካው ኤም አይ ቲ አበጅተውት እ.ኤ.አ. በ2010 ለሙያ ባልደረቦቻቸው በጽሑፍ አስተዋወቁት። (ሃያ አንድ የሚለው ቁጥር በዚያ ተቋም የሙዚቃ ትምህርት ከሚጠራበት መለያ የመጣ ነው።) በነጻ ይገኛል። ቁልፉን ይነግሩታል፣ በሮማውያን ቁጥር አራት፣ አምስት፣ አንድ ብለው ይጽፉለታል፤ እሱ ኖታዎቹን አውጥቶ ያሰማዎታል። ከሦስት አራት መስመር አይበልጥም።

ይህን መሣሪያ ጂንካ ይዤው ሄጄ ነበር። ለረጅም ዘመን የደቡብ ኦሞ ዋና ከተማ በነበረችው በዚያች ከተማ አንድ ኪቦርድ የሚጫወት ወጣት አግኝቼ፣ በአሪኛ የተዘፈነ የሠርግ ዘፈን ሲያቀናብር አየሁት። ዘፈኑ አልቋል፤ የቀረው መጨረሻው ነው። «ጋሼ፣ ሲያልቅ ያለቀ አይመስልም» አለኝ። እኔም ላፕቶፔን ከፍቼ ማሳረፊያ አዘዝኩለት። ወጣ። አስቀጠልነው። ዘፈኑ በእርግጥ አለቀ፤ ግን ያ ዘፈን አልነበረም።

ለምን? ነገሩን በምናውቀው በትዝታ እንየው። ሜጀር የሚባለው ትዝታ ድምፆቹ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው። ፋ የለም፤ ሲም የለም። አሁን ኮምፒዩተሩን በዶ ቁልፍ ሙሉ ማሳረፊያ ስጠኝ ብንለው፣ አምስተኛውን ኮርድ ሶል፣ ሲ፣ ሬ፣ ፋ አድርጎ ያቀርብና ወደ ዶ፣ ሚ፣ ሶል ይወርዳል። የፈረንጅ ጆሮ «ደረስኩ» የሚለው ሲ ወደ ዶ፣ ፋ ወደ ሚ በግማሽ ድምፅ ሲሳቡ ነው። እንግዲህ ማሳረፊያው የሚሠራው ዘፋኙ በማይዘፍናቸው በሁለቱ ድምፆች ነው ማለት ነው! የ«አሜን»ኛውም ቢሆን ፋን ይዞ ይመጣል። አንድ ሙሉ ዘፈን አምስት ድምፅ ሲያስሰማን ቆይቶ በር ላይ ሲደርስ ሁለት የማናውቃቸው እንግዶች ብቅ ይሉና መዝጊያውን ይገፉታል።

አምባሰል ላይ ደግሞ ይብሳል። ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ዝቅ ያለ ላ። ሚ ከነአካቴው የለም፤ ስለዚህ ዜማው ቤቴ በሚለው በዶ ላይ በሦስት ድምፅ የተሟላ ኮርድ ማቆም አይቻልም። በቅኝቱ ድምፆች ብቻ የሚቆሙት ዝቅ ባለው ሬ ላይና በፋ ላይ ናቸው። አቀናባሪው ኮርድ ካላስገባሁ ካለ፣ ወይ የሌለ ሚ ይጨምራል፣ ወይ ዜማውን ከቤቱ አስወጥቶ ጎረቤት ያሳድረዋል። የመሣሪያው ቁልፍ መፈለጊያም ከዚህ አያወጣንም። ዜማ ሲሰጡት ከ24ቱ ሜጀርና ማይነር ቁልፎች ጋር አወዳድሮ የቀረበውን ይመርጣል። ምን ያህል እንደቀረበ በቁጥር መግለጹ ደግ ነው፤ «ከነዚህ ውስጥ የለም» የሚል መልስ ግን አልተበጀለትም።

ኮምፒዩተሩን ብቻ መውቀስ ግፍ ይሆናል። አርመናዊው ኬቮርክ ናልባንዲያን እ.ኤ.አ. በ1924 ከአርባዎቹ ልጆች ጋር ከመጣ ወዲህ የእኛ ዜማ ከፈረንጅ ኮርድ ጋር ሲታገል ኖሯል። ሙላቱ አስታጥቄ የተከበረው ይህን ትግል በጥንቃቄ ስለያዘው ነው፤ አሥራ ሁለቱ ድምፆች አምስቱን እንዳይውጧቸው ኮርዱን ያሳሳል፣ ክፍት ይተዋል። ስለ ደቡብም ደጋግሞ የሚናገረው ነገር አለ፦ በጊዶሌ ዙሪያ የሚኖሩት ደራሼዎች በዋሽንቶቻቸው የሚጫወቱት ዲሚኒሽድ የሚባለውን ስኬል ነው፣ ከደቡሲና ከቻርሊ ፓርከር በፊትም ያውቁት ነበር ይላል። አባባሉ ለደራሼ ክብር የታሰበ መሆኑን አልጠራጠርም። ነገር ግን ስሙ ራሱ ፍርድ ይዟል። በፈረንጅ ትምህርት ዲሚኒሽድ ኮርድ እረፍት የሌለው፣ ቶሎ ወደ ሌላ ካልሄደ የማይረጋጋ ድምፅ ነው። ፊላ የሚጫወቱት ሰዎች ግን እዚያው ውስጥ ሆነው እየዞሩ ይጨፍራሉ። የሚሄዱበት ቦታ የለም፤ እዚያው ናቸዋ!

ወደ ጂንካ ስንመለስ የአሪና የማሌ ገበሬዎችም የዋሽንት ስብስብ አላቸው። አሠራሩ የሚያስደንቅ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው አንድ ድምፅ ብቻ የምታወጣ ዋሽንት ይይዛል፣ ተራው ሲደርስ ይነፋል፣ ዜማው ከሰው ወደ ሰው እየዘለለ ይሠራል። አንዱ ከጎደለ ኖታው ይጎድላል። የድምፆቹ መደራረብ ኮርድ የሚመስል ነገር ይፈጥራል፤ ግን ማንም አንድ ሰው ኮርዱን አይጫወተውም። በሮማውያን ቁጥር አንድ፣ አራት፣ አምስት ብሎ የሚያዝ ጣት የለም። ቆላ ወርደን የሐመር ወጣቶች በኢቫንጋዲ ሌሊት ሲጨፍሩ ብንሰማም፣ ጭብጨባውና የእግሩ ምት ነው ዘፈኑን የያዘው። ዜማው ይሽከረከራል፤ የሚያበቃውም አምስተኛው ኮርድ ስለ ደረሰ አይደለም። ማሳረፊያ የለም ማለቴ ግን አይደለም። በቅዱስ ያሬድ ዜማ ምልክቶች ውስጥ «ቁርጥ» የሚባል አለን፤ ድምፁ ተቆርጦ የሚቆምበትን ለማሳየት ከሲ ወደ ዶ መሳብ አላስፈለገውም። ደቡብ ኦሞም የራሱ ቁርጥ ይኖረዋል፤ በአውራው ጩኸት፣ በእግር ምት፣ በጨፋሪው መበተን።

ለመሣሪያው ፍትሕ ላድርግና፣ ሠሪዎቹ በሩን አልዘጉም። ተጠቃሚው የራሱን ስኬል በአምስት ድምፅ መጻፍ ይችላል፤ ከፒያኖ ቁልፎች መካከል የሚወድቁ ድምፆችንም በትንንሽ ክፍልፋይ ይቀበላል። ስንፍናው የእኛ ነው፤ ማንም ሰው የአምባሰልን ወይም የአሪን አጨራረስ ጽፎ ካልሰጠው የባኽን አጨራረስ ይሰጠናል፣ ምክንያቱም የባኽ ኮራሎች ከነኖታቸው አብረውት ተጠርዘዋል።

ግን ከየት አንሥተን እንጻፍ? ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የደቡብ ሙዚቃ አልተጠናም አይባልም፤ ፈረንሳዊው ሁጎ ፌራን በማሌ የአባቶች አምልኮ ሙዚቃ ላይ የዶክትሬት ሥራውን ሠርቷል፤ ጂንካን ከላይ የሚያይ ኮረብታ ላይም የደቡብ ኦሞ ሙዚየምና የምርምር ማዕከል አለ። እኔ የሰማኋቸው ብዙዎቹ ቅጂዎች ግን ሦስት አራት ደቂቃ ይሄዱና ድምፁ እየደበዘዘ ይጠፋል። የሲዲው ቦታ አልቋል፤ ወይም ቀጂው «ያው ነው፣ ይደጋገማል» ብሏል። ለዚያ ኪቦርድ ተጫዋች ያስፈለገችው የተቆረጠችው የመጨረሻ ደቂቃ ነበረች። ከእንግዲህ ወደ ማሌም ሆነ ወደ አሪ መቅረጫ ይዞ የሚወጣ ሰው ካለ፣ ዋሽንቶቹ ወርደው፣ ሰዎቹ ተቀምጠው፣ ወሬ እስኪጀምሩ ድረስ መቅረጫውን አያጥፋብን።